ሐንስ ግሮስ፤ የወንጀል ምርመራን ወደ ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ሰው

ሰው በተገደለበት ወይም ንብረት በተሰረቀበት ስፍራ ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ይህን ያደረገው ማን ነው? እሱ ለመሆኑስ በምን ይታወቃል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም ሰው ይጠይቀዋል። ሁለተኛውን ጠንቅቆ ለመመለስ ግን የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች በቀድሞ ዘመን ሌባ ይፈለግ ከነበረባቸው መንገዶች አንዱ ሌባሻይ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት የተቀላቀለበት መጠጥ ጠጥቶ ራሱን ሲስት፣ በወገቡ ላይ በታሰረው መቀነት እየተያዘ በመንደሩ ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤትም እንደ ሌባ ተቆጥሮ የጠፋውን ንብረት እንዲከፍል ይደረጋል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት ደግሞ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪጠቆም ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከላል። ከዚያ ርቃ በምትገኘው በሐርጌሳና በአካባቢዋ የሚኖሩት ሶማሌዎችም የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው፤ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሔር በሚባለው የአበው ሕግ ይዳኛሉ፤ ለተገደለ ወንድ የሚከፈለው የደም ካሣም በልማድ 100 ግመል ነበር።

እነዚህ ሥርዓቶች ማኅበረሰቡን ከበቀልና ከደም መፋሰስ ለመጠበቅ የታሰቡ ነበሩ። ዳሩ ግን በሌባሻይ የተያዘው ሰው ንጹሕ ቢሆን ንጽሕናውን የሚያስረዳበት መንገድ አልነበረውም። በአውሮፓም ቢሆን ሁኔታው ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ለብዙ መቶ ዓመታት ዳኞች ከሁሉ አስበልጠው የሚያምኑት የተከሳሹን የእምነት ቃል ስለ ነበረ፣ ቃሉን ለማግኘት ሲሉ ያሠቃዩት ነበር። ሥቃዩን መቋቋም ያቃተው ሰውም ያላደረገውን አድርጌአለሁ ይል ነበር። በኦስትሪያ ይህ የማሠቃየት ሥርዓት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1776 በሕግ ተሻረ፤ በዚህ ምንባብ ውስጥ የሚጠቀሱት ሌሎች ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ግርፋት ሲቀር ግን አዲስ ችግር ተፈጠረ፤ እውነቱ ከእንግዲህ በምን ይገኝ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ዕድሜያቸውን ካዋሉት ሰዎች አንዱ ሐንስ ግሮስ ነው።

ሐንስ ግሮስ በ1847 በዲሴምበር ወር በ26ኛው ቀን ግራዝ በተባለች የኦስትሪያ ከተማ ተወለደ። ግራዝ የስቲሪያ ክፍለ አገር ዋና ከተማ ናት። ግሮስ በትውልድ ከተማው ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንቶ በ1870 የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። ከዚያም በመንግሥት የዳኝነት ሥራ ተቀጥሮ በስቲሪያ የገጠር ወረዳዎች መርማሪ ዳኛ ሆኖ ማገልገል ጀመረ።

በዚያን ጊዜ መርማሪ ዳኛ ማለት በችሎት ተቀምጦ የክርክር ቃል የሚሰማ ሰው ብቻ አልነበረም። ሰው ሲገደል ወይም ቤት ሲቃጠል ወደ ስፍራው የሚሄደው፣ ምስክሮችን የሚጠይቀው፣ ፍንጭ የሚፈልገውና መዝገቡን አደራጅቶ ለፍርድ የሚያቀርበው እርሱ ነበር። በገጠር ሰላም የሚያስከብሩት ዣንዳርሞች አብዛኞቹ ከውትድርና የመጡ በመሆናቸው ታዛዥነትንና ድፍረትን እንጂ ምርመራን የተማሩ አልነበሩም። ስለዚህ የሥራው ሸክም ሁሉ በዳኛው ጫንቃ ላይ ያርፍ ነበር።

ወጣቱ ዳኛ ሥራውን ሲጀምር አንድ ነገር አስደነገጠው። በዩኒቨርሲቲ ያጠናው የሮማውያንን ሕግ፣ የቤተ ክርስቲያንን ሕግና የወንጀለኛ መቅጫውን አንቀጾች ነበር። በደም የተነከረ ሸሚዝ፣ በጭቃ ላይ የታተመ የእግር ዱካ፣ በእሳት የተለበለበ ደብዳቤ ወይም በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ ምስክር ፊቱ ሲቀርብ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ማንም አላስተማረውም። ሕጉ ሌባ ምን ያህል ዓመት እንደሚታሰር ይነግረዋል፤ የቆመው ሰው ሌባ መሆኑንና አለመሆኑን እንዴት እንደሚያውቅ ግን አይነግረውም። በዚህ ረገድ ስሕተት ቢፈጽም ደግሞ ቅጣቱን የሚቀበለው ዳኛው ሳይሆን በፊቱ የቆመው ንጹሕ ሰው ነበር።

ግሮስ ይህን ጉድለት ለመሙላት ራሱን በራሱ ማስተማር ያዘ። ስለ ጦር መሣሪያ፣ ስለ መርዝ፣ ስለ ቁስል፣ ስለ እግር ዱካ፣ ስለ እጅ ጽሕፈት፣ ስለ ፎቶግራፍና ሌቦች እርስ በርሳቸው ስለሚነጋገሩበት የምስጢር ቋንቋ ያገኘውን ሁሉ እያጠና ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ከ20 ዓመት ያላነሰ ልምድ ካካበተ በኋላ በ1893 ለመርማሪ ዳኞች መመሪያ የሚሆን ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የሕግ አንቀጾችን የሚተነትን አልነበረም። መርማሪው ወደ ወንጀሉ ስፍራ ሲደርስ በመጀመሪያ ምን እንደሚመለከት፣ ምን መንካት እንደማይገባው፣ ሥዕላዊ ንድፍ እንዴት እንደሚያነሣ፣ ያገኘውን ዕቃ እንዴት እንደሚያሽግና ለየትኛው ባለሙያ እንደሚልክ በዝርዝር የሚያስረዳ ነበር።

ከመጽሐፉ ምክሮች አንዱ እያንዳንዱ መርማሪ ለጉዞ የተዘጋጀ ቦርሳ እንዲኖረው የሚል ነው። በቦርሳው ውስጥ ወረቀትና ብዕር፣ መለኪያ ሜትር፣ ኮምፓስ፣ የማኅተም ሰም፣ የእግር ዱካን ቅርጽ የሚቀዱበት ጀሶ፣ ለመሐላ የሚያገለግል ትንሽ መስቀልና ሻማ ይገኙበታል። ምክሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዝናብ በጣለ ማግስት ጀሶ ሳይዝ ወደ መንደር የሄደ መርማሪ፣ ጀሶ አምጥቶ እስኪመለስ ዱካው ይጠፋል፤ ከዱካውም ጋር እውነቱ አብሮ ይጠፋል።

ግሮስ ግዑዝ ነገሮች እንደሚመሰክሩ አጥብቆ ያስተምር ነበር። በመጽሐፉ ከተጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ይህን በግልጽ ያሳያል። ወንጀል በተፈጸመበት ስፍራ የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ኮት ይገኛል። ኮቱ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ገብቶ በዱላ ይደበደባል፤ የተራገፈው አቧራም በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። በአቧራው ውስጥ የደቀቀ እንጨትና የሙጫ ብናኝ ስለ ተገኘበት የኮቱ ባለቤት አናጢ መሆን እንዳለበት ተገመተ፤ ግምቱም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ማንም ሳይገረፍና ማንም ሳይጠቆም አቧራ ምስክር ሆነ ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ግሮስ መርማሪው የሁሉ ነገር ዐዋቂ መሆን ባይችልም፣ ሐኪሙ፣ የኬሚስትሪው ሊቅ፣ የዕፀዋት ተመራማሪውና የጦር መሣሪያ ባለሙያው ምን ሊመልሱለት እንደሚችሉ ማወቅ ይገባዋል ይል ነበር።

ስለ ምስክሮች ያለው አስተሳሰብም በዘመኑ አዲስ ነበር። ሐሰተኛ ምስክር አደገኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግሮስ ግን እውነተኛ ምስክርም ሊሳሳት እንደሚችል አስተዋለ። የፈራ ሰው ትንሹን ትልቅ አድርጎ ያያል፤ የተቆጣ ሰው ያላየውን በአሳቡ ይሞላል፤ ሌላ ሰው ሲናገር የሰማውንም ራሱ ያየው ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ሳይዋሽ ንጹሕን ሰው ሊያስፈርድበት ይችላል። ግሮስ ይህን አሳብ በማስፋፋት በ1898 ስለ ወንጀልና ሥነ ልቦና ሌላ መጽሐፍ አወጣ። በዚሁ ዓመት የወንጀል ምርመራ ጥናቶች የሚታተሙበት መጽሔት አቋቋመ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1896 ከፍርድ ቤት መዛግብት ጋር ተከማችተው የነበሩትን የጦር መሣሪያዎች፣ የመስበሪያ መሣሪያዎችና ልዩ ልዩ ኤግዚቢቶች በግራዝ ሰብስቦ የወንጀል ሙዚየም እንዲከፈት አድርጎ ነበር። ይህ ስብስብ ዛሬም በግራዝ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ተሰይሞ ይገኛል።

የሕግ ሊቃውንት ግን ይህን ሥራ በቀላሉ አልተቀበሉትም። ጀሶና አቧራ፣ ደምና ጫማ የፖሊስ ሥራ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አይሆንም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ቢሆንም ግሮስ ተስፋ አልቆረጠም። ዕድሜው ወደ 51 ዓመት ሲጠጋ፣ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ወደምትገኘው ቼርኖቪትስ በፕሮፌሰርነት ተጠራ። ቀጥሎም በፕራግ አስተማረ፤ በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነው ፍራንትስ ካፍካ በዚያ ትምህርቱን ከተከታተሉት የሕግ ተማሪዎች አንዱ ነበር። በ1905 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ የግራዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በመጨረሻም በ1912 ሲመኘው የኖረው የወንጀል ምርመራ ተቋም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተከፈተ። አንድ ወጣት ዳኛ ከብዙ ዓመታት በፊት ፈልጎ ያጣው ትምህርት በዚህ ሁኔታ ቤት አገኘ።

በዚህ መስክ የደከመው ግሮስ ብቻውን አልነበረም። በስዊዘርላንድ ሩዶልፍ አርቺባልድ ራይስ በ1909 በሎዛን ዩኒቨርሲቲ የፖሊስ ሳይንስ ተቋም መሥርቶ ነበር። በፈረንሳይም ኤድሞን ሎካር በ1910 በሊዮን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪ ከፈተ። በለንደን ፖሊስ ዘንድ የጣት አሻራ ቢሮ ሥራውን የጀመረው በ1901 ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ቼዛሬ ሎምብሮሶ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም ሌላ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ ይኸውም ሰው ወንጀል የሚሠራው ለምንድን ነው የሚል ነው። ሎምብሮሶ በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ አንዳንድ ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ይወለዳል፤ በራስ ቅሉና በፊቱ ቅርጽም ይታወቃል አለ። ጥያቄው ትልቅ ነበር፤ መልሱ ግን ስሕተት ነበር። ቻርልስ ጎሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞችን ለክቶና ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ በ1913 ባወጣው ጥናት እንዲህ ያለ የወንጀለኛ መልክ አለመኖሩን አስረዳ።

እንግዲህ የወንጀል ጥናት ወይም ክሪሚኖሎጂ በሁለት ጥያቄዎች ላይ የተመሠረተ ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው ወንጀል ለምን ይፈጸማል፤ እንዴትስ ሊቀንስ ይችላል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የተፈጸመው ወንጀል በምን ማስረጃ ይታወቃል የሚል ነው። ዛሬ ይህን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ የሚያጠና ሰው ከሕግ ጋር ሥነ ልቦናን፣ የማኅበረሰብ ጥናትንና ስታቲስቲክስን ይማራል። ትምህርቱን ሲጨርስም የሚሰማራበት የሥራ መስክ አንድ ብቻ አይደለም። ከፖሊስ ጋር መርማሪ ወይም የወንጀል መረጃ ተንታኝ ሊሆን ይችላል። በማረሚያ ቤት የታራሚዎችን ጠባይ አጥንቶ ወደ ማኅበረሰቡ የሚመለሱበትን መንገድ ያዘጋጃል። በፍርድ ቤትና በማኅበራዊ አገልግሎት ሕፃናት ጥፋተኞችን ይረዳል፤ የወንጀል ተጎጂዎችንም ያማክራል። በምርምር ተቋም ውስጥ ወንጀል የሚበዛበትን ምክንያት ያጠናል። ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ ወይም ዳኛ ለመሆን የሚፈልግ ግን የሕግ ትምህርት መማር ያስፈልገዋል። አስከሬን የሚመረምረው ሐኪምም በመጀመሪያ የሕክምና ትምህርቱን፣ በላቦራቶሪ ደምና መርዝ የሚመረምረውም የኬሚስትሪ ወይም የባዮሎጂ ትምህርቱን መጨረስ አለበት። ስለዚህ ሙያውን የሚመኝ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ እንደሚፈልግ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

የሐንስ ግሮስ ታሪክ በዚህ ቢያበቃ የድል ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሌሎችን ከስሕተት እንዲጠበቁ ያስተማረው ሰው ራሱ ከስሕተት አልዳነም። ምስክር በጥላቻ ዐይን ሲያይ እንደሚሳሳት የጻፈው ግሮስ፣ በዚያው በታወቀው መመሪያው ውስጥ ሮማ ስለሚባሉት ተንከራታች ሕዝቦች በጻፈው ክፍል ሕዝቡን በሙሉ በሌብነትና በአታላይነት ፈረጀ። አንድን ኮት ለአናጢ ለመስጠት የአቧራ ማስረጃ የጠየቀ ሰው፣ አንድን ሕዝብ በሙሉ ሲወነጅል ማስረጃ አልጠየቀም። በ1905 በጻፈው ጽሑፍም ከማኅበረሰቡ የተበላሹ ናቸው የሚላቸው ሰዎች ወደ ሩቅ አገር እንዲጋዙ አሳብ አቀረበ። እንዲህ ያለ አስተሳሰብ በዘመኑ የብዙ ምሁራን አስተሳሰብ ነበር። ይሁን እንጂ የብዙዎች መሆኑ እውነት አያደርገውም። እርሱ ከሞተ ከአንድ ትውልድ በኋላ በናዚዎች አገዛዝ ዘመን የሮማ ሕዝቦች በጅምላ ተጨፍጭፈዋል።

ከዚህ ሌላ በገዛ ቤቱ ውስጥ ከባድ ፈተና ደረሰበት። አንድያ ልጁ ኦቶ ግሮስ በ1877 ተወልዶ ሐኪም ሆነ፤ በአእምሮ ሕክምናም ስሙ እየታወቀ ሄዶ በአባቱ መጽሔት ላይ ጽሑፍ እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። ዳሩ ግን የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ሆነ። በአሳብም ከአባቱ ጋር ፈጽሞ ተለያየ፤ የአባት ሥልጣን የልጆችን ነጻነት ይጨቁናል ብሎ የሚያምንና ይህንኑ በጽሑፍ የሚገልጽ ሰው ሆነ። አባትዬው ልጁን ለማዳን ብዙ ደከመ። በመጨረሻ ግን በ1913 በኖቬምበር ወር ኦቶ በበርሊን ከተማ በአባቱ ጥያቄ በፖሊስ ተይዞ ወደ ኦስትሪያ ተወሰደ፤ ከዚያም በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ እንዲዘጋበት ተደረገ። በሚቀጥለውም ዓመት በፍርድ ቤት ውሳኔ ራሱን የማስተዳደር መብቱ ተወስዶ ሞግዚቱ አባቱ ሆነ።

ወዳጆቹ የሆኑት ደራስያን በጋዜጦችና በመጽሔቶች ላይ ተቃውሞአቸውን አሰሙ። የክርክሩም ፍሬ ነገር ግልጽ ነበር። ኦቶ ሱሰኛ መሆኑ የታወቀ ነበር። ነገር ግን አባቱ በአንድ ጊዜ ከሳሽም፣ ዐዋቂም፣ ሞግዚትም ሆኖ በገዛ ልጁ ነጻነት ላይ ሊወስን ይገባዋልን? ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም የሚለውን የዳኝነት መሠረት ከግሮስ የበለጠ ሊያውቅ የሚችል አልነበረም። በአንድ በኩል የአባት ፍቅርና ጭንቀት፣ በሌላ በኩል የሥልጣን ኃይል ተደባልቀው የራሱን አካሄድ እንዳይመረምር ጋረዱት። ኦቶ በ1914 ከሆስፒታል ወጣ። ሐንስ ግሮስ ደግሞ በ1915 በዲሴምበር ወር በ9ኛው ቀን በግራዝ ከተማ አረፈ። የልጁም ሕይወት ብዙ አልሰነበተም፤ በ1920 በበርሊን ሞተ።

ግሮስ ቢሞትም መጽሐፉ ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች እየተተረጐመ ከአገር አገር ተሰራጨ። ጆን አዳምና ጄ. ኮልየር አዳም የተባሉ ሰዎች በ1906 በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው አሳተሙት። ተርጓሚዎቹ መጽሐፉን እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ በሕንድና በሌሎች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ለሚሠሩ ዳኞች፣ ፖሊሶችና የሕግ ሰዎች እንዲስማማ አድርገው አዘጋጁት። በዚያን ጊዜ በሕንድ ይሠራበት የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከባሕር ማዶ በእንግሊዝ ሶማሊላንድም ይሠራበት ነበር። ሐርጌሳም ከ1941 ጀምሮ የዚህ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። በዚህ ሁኔታ የሽማግሌዎቹ ሔርና ከሕንድ የመጣው ሕግ ጎን ለጎን ሲሠሩ ቆዩ። ሶማሌ በ1960 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1964 በመላው አገሪቱ የሚሠራ አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሥራ ላይ ዋለ።

ሐርጌሳ የወንጀል ምርመራን ዋጋ ያወቀችው ግን በመራራ መንገድ ነው። በ1988 በሲያድ ባሬ መንግሥት ጦርና በአማፅያን መካከል በተደረገው ጦርነት ከተማዪቱ በመድፍና በአውሮፕላን ተደብድባ ፈራረሰች። ብዙ ሰላማዊ ሰዎችም ተይዘው የደረሱበት ሳይታወቅ ቀረ። በ1997 ከባድ ዝናብ ጥሎ የወንዙን ዳርቻ ሲያጥብ በማልኮ ዱርዱሮ የሰው አጥንቶች ከመሬት ወጡ፤ የጅምላ መቃብር ነበር። ከዚያም የጦር ወንጀል መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከ2012 ጀምሮም ከፔሩ አገር የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ከኮሚሽኑ ጋር ሆነው መቃብሮችን በጥንቃቄ እየከፈቱ አጥንቶቹን መረመሩ፤ የአገሪቱን ወጣቶችም አሠለጠኑ። በአዲስ አበባም ቢሆን በደርግ ዘመን ተገድለው በምስጢር የተቀበሩ ሰዎችን ለመለየት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከአርጀንቲና የመጡ የዚሁ ሙያ ባለሙያዎች ለልዩ ዐቃቤ ሕግ ሥራ እገዛ አድርገዋል።

እንዲህ ያለው ሥራ በትዕግሥት የሚሠራ ነው። አጥንት፣ ጥርስ፣ የጨርቅ ቅዳጅ፣ የገመድ ቁራጭና የጥይት ቀለህ ሳይናወጡ በተገኙበት ስፍራ ይለካሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ይመዘገባሉ። የሟቹ ዕድሜና ቁመት ከአጥንቱ ይገመታል፤ የሞቱም ምክንያት ይጠናል። ያን ጊዜ ገዳይ አልገደልሁም ቢል፣ ምስክርም በፍርሃት ዝም ቢል፣ አፈር የያዘው ማስረጃ ይናገራል። ለእናት የልጅዋን አጥንት አግኝታ በወግ እንድትቀብር ያስችላታል። ያለ ማስረጃ በወሬ ብቻ የተጠረጠረውን ሰው ደግሞ ከሐሰት ክስ ያድነዋል።

ዛሬ በሐርጌሳ በ2000 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሕግም ይሰጥበታል። በኢትዮጵያም በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ሲሰጥ፣ በሰንዳፋ የፖሊስ መኮንኖች የሚሠለጥኑበት ከፍተኛ ተቋም ይገኛል። በነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚቀመጥ ወጣት ከመቶ ዓመት በፊት ግሮስ ብቻውን ሲፈልገው የነበረውን እውቀት ከመምህር ያገኘዋል። ከዚህ እውቀት ጋር ግን የግሮስን ሕይወት ሁለት ገጽታዎች አብሮ ማጥናት ይገባዋል። አንደኛው ከሰው አፍ ቃልን በግርፋት ከመንጠቅ ይልቅ ዱካውን፣ አቧራውንና አጥንቱን በትዕግሥት መጠየቅ እንደሚሻል ነው። ሁለተኛው መርማሪው የሌላውን ሰው ስሕተት የሚፈልግበትን አጉሊ መነጽር ወደ ራሱም ካላዞረ፣ እውቀቱ ሌባሻይን የተከተለው መንደር እንዳደረገው ሁሉ ንጹሕን ሰው ሊያጠቃ እንደሚችል ነው።

የቃላት ፍች

እነዚህ ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የተሰጣቸው ትርጕም የሚከተለው ነው።

የእምነት ቃል፦ ተከሳሽ ጥፋቱን መፈጸሙን አምኖ የሚሰጠው ቃል
ዣንዳርም፦ በገጠር ሰላም የሚያስከብር ወታደራዊ ፖሊስ
ኤግዚቢት፦ ለማስረጃነት በፍርድ ቤት የሚቀርብ ዕቃ
ሞግዚት፦ ራሱን ማስተዳደር ለማይችል ሰው በሕግ የተሾመ ጠባቂ
ቀለህ፦ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ ቀፎ

ጥያቄዎች

1. ሌባሻይና የማሠቃየት ሥርዓት በምን ይመሳሰላሉ?
2. ሐንስ ግሮስ የዳኝነት ሥራውን ሲጀምር ያስደነገጠው ነገር ምን ነበር?
3. እውነተኛ ምስክር የሚሳሳተው እንዴት ነው? ከራሳችሁ አካባቢ አንድ ምሳሌ በመስጠት አስረዱ።
4. ግሮስ በልጁ ላይ የወሰደው እርምጃ ትክክል ነበርን? በሁለት ወገን ተከፍላችሁ በክፍል ውስጥ ተከራከሩ።
5. በምንባቡ ከተጠቀሱት የሥራ መስኮች አንዱን መርጣችሁ፣ ለምን እንደ መረጣችሁትና ለዚያ የሚያስፈልገው ትምህርት ምን እንደ ሆነ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።